ካርዱ ያልጠየቀው

«ሙክታር አባዲጋ!» አለች ነርሷ፣ ካርዴን ደጋግማ አይታ፤
ደረቴ ነው «አቤት» ያለው፣ እያፏጨ በእኔ ፈንታ።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው፤ ጠየቀኝ በትሕትና፤
«ሲጋራ ታጨሳለህ?» «ኧረ የለም» አልኩና
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
«ሥራህስ?» «ባጃጅ ነው የምነዳ።»
«ከቤትስ ሌላ ሰው አለ፣ በዚህ ሕመም የተጎዳ?»
«እህቴ ደህና ናት» አልኩት። ጻፈና «የለም» ብሎ
ወደ ታች ወረደ በእስክሪብቶው፣ ባዶውን ቦታ ዘሎ።

እናትህ አንተን ስታረግዝ የት ሰፈር ነበረ ቤቷ?
ወደ ምንድን ነበር ደግሞ የሚከፈተው መስኮቷ?
የሚል መስመር የለም፤
ካርዱ ላይ አልታተመም።

እኔና ራቢያ ከአንድ ጡት ተካፈልን፤
አንድ ቁልቁለት ነው ለሁለት የከፈለን።

ራቢያ የተፀነሰችው ጅሬን ላይ ነው፣ ከዳገቱ፤
ጉሬዛ ከዋንዛ ዋንዛ ሲዘል ይታይ ነበር ከቤቱ።
እናቴ ነጂባ ሻሿን አጥባ ስታሰጣው፣ ሲደርቅም ነጭ ነው እንዳለ፤
ሌሊት የሚሰማው ዝናብ ነው፤ ጅብም ቢጮህ ሩቅ እያለ።

ከዚያ አባዬ ሥራ ቀየረና ወረዱ ወደ ኮቺ፤
«ለገበያው ቅርብ ነው» አላት፣ «ትለምጂዋለሽ አንቺ።»

ለመደችው። ሰው የማይለምደው ምን አለ?
እንቅልፏ ግን አልለመደም፤ ከወፍጮው ጋር እየዋለለ።
በስተግራ ወፍጮ ቤት፣ የናፍጣ ጭስ የሚተፋ፤
በስተቀኝ ጋራዥ፣ ጎማ የሚነድበት በይፋ፤
ከኋላ አዌቱ፣ የከተማውን እድፍ ተሸክሞ የሚያልፍ፣
አንዳንዴም የማያልፍ፣
ክረምት ሲበረታ የሚገባ ሳያንኳኳ፣
ግድግዳው ላይ ቁመቱን፣ እንደ ልጅ እየለካ።

ሻሹ እንደ በፊቱ ታጠበ፣ ተሰጣ፤
ሲደርቅ ግን ጥላሸት ለብሶ መጣ።
እናቴ አራገፈችው፤ አጠበችው ደግማ።
ሳንባ ግን ገመድ ላይ አይሰጣ፤
በሆድ ያለ ልጅ ሲያስል ማን ሰማ?

ክፉ ሰፈር አልለውም፤ ሰው አልጠፋም ከመሃሉ፤
ምጥ ሲይዛት በጭለማ፣ ታቅፎ ያደረሳት እስከ ሆስፒታሉ
ያው ጎማ የሚያነደው ነው፣ የጋራዡ ልጅ፣ ታምራት።
ጭሱን ያሸከማት እጅ፣ ያው እጅ ደግሞ ረዳት።

ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ላይ ተንቀጥቅጦ ቆመ።
«ያድጋል» አሉ። አደግሁ። ፉጨቱም አብሮኝ ከረመ።

ምናልባት ያው ይሆን ነበር፣ ጅሬን ላይም ብወለድ፤
ማን ያውቃል? ጭስ ፊርማ የለው፤ ችሎት አይቆም ሲፈረድ።
ራቢያ ግን ያንን ዳገት ስትወጣ ታወራለች፤
እኔን፣ ግማሽ መንገድ ላይ፣ ዞራ ትጠብቀኛለች።

አሁን ዘቢባ ነፍሰ ጡር ናት፤ አራት ወሯ ነው ሊሞላ።
ማታ ማታ ቤት እፈልጋለሁ፣ ከሥራ በኋላ።
ደላላው ጣሪያ ያሳየኛል፤ ቆጣሪ ያሳየኛል፤
እኔ ከቱቦው እስከ በሩ እርምጃ ስቆጥር ይስቅብኛል።
«ሰውዬ፣ ቤት ነው የምትከራየው ወይስ አየር?» ይለኛል።
አየር ያለው ቤት ደግሞ፣ ዋጋው ትንፋሽ ያሳጣኛል።

ዛሬ ቦሳ ኪቶ አካባቢ፣ ጓሮው ገመድ ያለው አንድ ክፍል አገኘሁ፤
የእናቴን ነጭ ሻሽ ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁ።
«ቀብዱስ?» አለ ደላላው፣ መዳፉን ገትሮ ከፊቴ።
«ነገ» አልኩት። «እዚህ ይደር። ጠዋት ትንገረኝ እናቴ።»