መንበር የሌለው ክፍል

ደብዳቤው ደረሰኝ ማኅተም ተመቶበት፣
"ሊቀ መንበር" ከሚል ስሜ ተጽፎበት።
የቀዶ ሐኪሞች ማኅበር መርጦኛል፣
"መጪውን ዘመን ጽፈሽ አምጪ" ይለኛል፤
ሦስት ገጽ እንዲሆን፣ ከነዓላማው፣
ከነአፈጻጸሙ፣ ከነማጠቃለያው።

እኔም ተቀምጬ ደሴ፣ ሆጤ ማዶ፣
ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ መስኮቴም በረዶ፣
"የማኅበራችን ራእይ" ብዬ ጻፍሁና
"ራእይ" ከሚለው ቃል አላለፍሁም ገና።

ሊቀ መንበር ማለት? አሰብሁት ደግሜ።
መንበር ምን ያደርጋል ሃያ ዓመት ቆሜ!
እኔ የምሠራው ወንበር በሌለበት፣
እግር እስኪያብጥ ድረስ በሚቆሙበት።

አባቴ ይማም ነው፣ ሸዋ በር ላይ ሰፊ፣
"ሉባባ" ይለኝ ነበር፣ "ጨርቅ አታጥፊ፤
አሥር ጊዜ ለክተሽ አንድ ጊዜ ቁረጪ፣
ክሩ ሲያልቅብሽ ግን ከጎረቤት አምጪ።"
ይህንን ልጻፈው?
አንቀጽ አንድ፦ ክር አልቋል።
አንቀጽ ሁለት፦ ጄኔሬተሩ
እንደ ሳንባ በሽተኛ ሌሊቱን ያስላል።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጋሽ ሙሄ ተረኛ
በሩን መታ መታ፤ "ሰው መጥቷል በሽተኛ፣
ከደላንታ ማዶ በቃሬዛ መጡ፣
በሽሎን ተሻግረው ገደሉን የወጡ።"

ስድስት ወንዶች ናቸው፣ ጋቢያቸው የራሰ፤
ጎርፉ መንገዱን በልቶ ስላፈረሰ
እስከ ኩታበር ድረስ ትከሻ ነው መኪናው፣
ከዚያ ወዲህ አይሱዙ፣ ከምስር ጆንያው።

ዙሪያሽ ትባላለች። ሆዷ እንደ ከበሮ፣
አንጀቷ በገዛ ራሱ ተጠምዝዞ ታስሮ።

ዘርፌን ይዤ ገባሁ፤ ገና አንድ ዓመቷ፣
ጓንት ውስጥ ይርዳል ቀኝ እጇ፣ ጣቷ።
ምላጩን ሰጠኋት።
መሐል ላይ መብራቱ ድርግም አለና
ያ ሳለኛ ሞተር ጸጥ፣ ዝም አለና፣
እኔም ዝም አልሁኝ፤ እሷም ቆመች ዝም፤
እጄ ግን ከእጇ ላይ አልተነሣም።
"አብሽሩ!" የሚል ድምፅ መጣ ከበሩ፣
ሦስት የስልክ ባትሪዎች ከላይ በሩ።
ቋጠሮው ተፈታ። ጠቁሮ የነበረው ቀስ እያለ ቀላ፤
ዘርፌ ሰፋች፣ እኔ
ክር ያዝሁ ከኋላ።

ሲነጋ ወጣሁና ደጁ ላይ አየኋቸው፣
ስድስቱም ግንቡ ሥር፣ ጫማ በእጃቸው።
"ተርፋለች" አልኋቸው። አንዱ መሬት ሳመ፣
አንዱ "አልሐምዱሊላህ"፣ አንዱ ተሳለመ።
"ለመሆኑ" አልሁኝ፣ "ማን ነበር መሪያችሁ?
ያን ገደል በጨለማ በማን ታዝዛችሁ?"

ሳቁብኝ።
ሽማግሌው አራጋው ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ያበጠ ትከሻውን በጋቢው ሸፍኖ፦
"የፊተኛው ያያል፣ 'ድንጋይ አለ' ይላል፣
የኋላው ይሰማል፣ እግሩን ያስተካክላል።
የፊቱ ሰው ሲዝል ሌላው ይገባል ሥሩ፤
ቃሬዛው መሬት ሳይነካ ነው ምስጢሩ።
ማን ፊት እንደነበር እኛም አናስታውስም።
እህቴ፣ ብቻ አላወረድንም።"

ቢሮዬ ገባሁና "ራእይ" ያልሁትን ቀደድሁ፤
በሌላ ወረቀት፣ እንደቆምሁ፣ ጻፍሁ፦

"ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣
ለሁለት ዓመት ያህል ከፊት እሆናለሁ፤
ድንጋይ ካየሁ፣ 'ድንጋይ አለ' እላችኋለሁ።
መቄት ክር የሌለው፣ እኔ ዘንድ ካለ፣
ልኬ እሰጠዋለሁ፣ ደብዳቤ ሳይባል፣ ማኅተም ካልተባለ።
ጀማሪው ምላጭ ይያዝ፣ ነባሩ እጅ ይያዝ፤
ይህ ነው የእኔ ትእዛዝ።
ትከሻዬ ሲዝል፣ ስሜን ሳትጠሩ፣
ግቡ ከቃሬዛው ሥሩ።"

ሦስት ገጽ አልሞላም። ግማሽም አይሆንም።
ይሁን፤ ለቀሪው ገጽ ጊዜ የለኝም፤
ዙሪያሽ ነቅታለች አሉ፣ ውሃ ጠይቃለች፣
"አይሱዙው ሂሳቡን ተቀበለ ወይ?" ትላለች።

ያን ባለ ማኅተም ደብዳቤ ፈለግሁት፣ ከፋይሉ ላኖረው፤
ጋሽ ሙሄ የዘርፌን ሻይ
እንዳይበርድባት ከድኖበት ነው።