ያላየሁት ጠረፍ

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ጠረፍ ወጣሁ፣ በዚህ ጠረፍ ወረድሁ፣
አንዲት ደሴት እንኳ በቅጡ ሳላያት ጡረታዬን ያዝሁ።

መንገደኛው ከላይ መስኮት ተደግፎ ተራራ ሲያየው፣
እኔ ከውሃው ልክ ሥር፣ ከሁለት ሞተር መሃል፣
የግፊት ጌጅ ነበር ቀን ሙሉ የማየው።
ሎቩንድ ደረስን ማለት ለእኔ ደወል ነበር፤ «ቀስ በይ» የሚል ደወል፣
ትሬና ማለት ደግሞ ብረቱን ጎን ጎኑን የሚወቃው የምዕራብ ማዕበል።
ሄሮይ የድምፅ ስም ነው፤ የሰንሰለት ኳኳታ፣
ዮስታይን ገመዱን ሊያስር ሲሮጥ ከራሴ በላይ የምሰማው ዱካ፣ ጧትና ማታ።

ኬክ ቆርሰው ሸኙኝ። ካፒቴን ሃልቫር ንግግር ጀመረ፣ አላልቅ አለበት።
«ከእንግዲህስ ሶልፍሪድ?» ሲሉኝ
«ወደ ላይ ልወጣ ነው» አልኳቸው።
ክፍሉ ጭጭ አለ። የሞት መሰላቸው፤ እኔም ተውኩት።

የገዛኋት ጀልባ ሰባት ሜትር ናት፤ አሮጌ፤ ባለ አንድ ሞተር፣
ዓሣ ያጠመደባት ሰውዬ ሞቷል፤ ሽታው ግን አልሞተም፤ አለ ከትራሴ ሥር።
ብቻዬን ስነዳት ሰው ጠልቼ አይደለም፣
ሰው ካለ ወሬ አለ፤ ወሬ ካለ ደግሞ ሞተር አይሰማም።

የብቸኛ ነጂ ጣጣ ባሕሩ ላይ አይደለም፤ ወደብ ሲደርስ ነው፦
አንድ እጅ ለመሪው፣ አንድ እጅ ለማርሹ፣
ለገመዱ የሚሆነው ሦስተኛው እጅ ማነው?
በመጀመሪያው በጋ ሦስቴ ሳትሁ፤ በአራተኛው ግንቡን ገጨሁ፣
መረብ የሚጠግን ሽማግሌ ቀና ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤
እኔም መልሼ ነቀነቅሁ።
ኋላ ዘዴ ለመድሁ። አንድ ገመድ ብቻ፤ ከወገቧ መሃል፣
ቀለበቱ ተወርውሮ ምሰሶው አንገት ላይ ይገባል፣
ሞተሩ በዝግታ ወደ ፊት ይገፋል፤ ገመዱ ይወጠራል፤
እሷም እንደምትታለብ ላም
ጎኗን ለግንቡ ሰጥታ ትቆማለች፤ ዝም።

ባለፈው ኦገስት ከሎቩንድ ተነሥቼ ወደ ትሬና ሳቀና፣
ጉም ወረደ፤ ያልተፈተለ የበግ ጠጉር፤ ወዲያ ወዲህ የሌለው ጎዳና።
ከፊቴ የነበረው ተራራ «ነበር» ሆነ፣
ቀጥሎ የገዛ ጀልባዬ አፍንጫ ከዓይኔ ተሸፈነ፣
ቀጥሎ የካርታው ስክሪን ጨለመ። ፊውዝ ነው። መለዋወጫው የት ሆነ?
ቤት፣ መሳቢያ ውስጥ። መካኒክ ሆኜ ሳለ!
ይህን ለማንም አልነገርሁም፤ እናንተም አደራ።
ኮምፓሱን አየሁ። ፍጥነት ቀነስሁ። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ካልሲዬንም፤
እግሬ ከወለሉ ጋር ያለ አስተርጓሚ እንዲያወራ።

ውሃው ጥልቅ ሲሆን ንዝረቱ ይሰፋል፣
ድንጋይ ሲቀርበው ይጠብባል፤ ተረከዝ ይኮረኩራል፣
በግራ የጡሩምባዬ ድምፅ ቶሎ ከተመለሰ፣ አለቱ ቀርቧል።
ይህን ብረት ነው ያስተማረኝ፤ በሌሊት ፈረቃ፣
ሰው ሁሉ ሲያንቀላፋ፣ እግሬ ብቻ ሲነቃ።
ጠረፉን አላየሁት እንጂ አውቀው ኖሯል ለካ፣
ጎረቤቱን በግድግዳ በኩል እንደሚያውቅ ሰው፤
በሳሉ፣ በደረጃው ዱካ።

የትሬና ግንብ ከጉሙ ሲወጣ ልጅ ቆሞበታል፤ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው።
«ገመዱን ወርውሪልኝ!» ይላል።
ያን ሁሉ ዘዴዬን ላሳየው?
ወረወርሁለት።
እንደ ጫማው ክር አሰረው፤ ሁለት ጆሮ አውጥቶ።
«ኤሊንግ እባላለሁ» አለኝ፤ እናቱ ስትጠራው ሮጠ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሌሊት ነፋስ ሲነሣ ባትሪ ይዤ ወጣሁ፣
ከቋጠሮው ጎን ሌላ ገመድ አሠርሁ፤ የእሱን አልነካሁ።

ጧት ጉሙ ተገፈፈ።
ማዕበል ናት ብዬ የኖርሁት ደሴት ቀይ በር አላት፤
አጥር አላት፤ ከአጥሩም ላይ የተሰጣ
የልጅ ካልሲ፣ አንድ እግር ብቻ።