አንቱታ

ደብረ ማርቆስ ሳለሁ፣ ገና ሽበት ሳይነካኝ፣
የሰፈሩ ዘበኛ «አንቱ» ነበር የሚለኝ።
ድሬ ግን ሙቀቷ ማዕረግ ያቀልጣል፤
ሳቢያን ያለው ጋራዥ ደጁን የረገጠ
ከኮቱ ጋር አብሮ ሹመቱን ይጥላል።

ፊርዶሳ ከመዝገቧ ቀና ሳትል ገና፣
እስክሪብቶ ሻሿ ላይ እንደ ጌጥ ሰክታና፣
«አንተ!» አለች፤ «ምን ሆነች?»
ስለ መኪናዬ ነው፤
እኔ ግን የሰማሁት የፊቱን ቃል ብቻ ነው።
ሃያ ዓመት ሙሉ ሒሳብ የመረመርኩ ሰው
አንድ ፍሬ ልጅ ፊት «አንተ» ልባል ምነው!

«ድምፁ እንዴት ያለ ነው?»
«ይጮኻል፣ ያጓራል።»
«አስመስለህ አሰማኝ።»
መቼም ሰው ይቸገራል፤
ክራቫቴን እንዳሰርኩ፣ «ጓ፣ ጓ፣ ጓ» አልኩ ከክብሬ እስክወድቅ፤
ወረፋው በሙሉ ሳቀ ከሊቅ እስከ ደቂቅ።
እሷ ግን አልሳቀችም። ጻፈች፦ «ወደ ግራ ስትታጠፍ፤
አስፋልቱ ሲሞቅ፤ ሩቅ ስትነዳ።»
ያላልኩትን ሁሉ በጥያቄ ብቻ አወጣችው እንደ ዕዳ።

ዚያድ የሚሉት መካኒክ ከጎኔ ተቀመጠ፤
ደንገጎን ወጣን፤ መስኮት ከፍቶ አደመጠ።
መኪናዬ ግን ጸጥ። ሌሊት ስታለቅስ ያደረች፣
ሐኪም ፊት ሲያቀርቧት የምትስቅ ሕፃን ሆና ቀረች።
«አቦ ተዋት» አለ ዚያድ፤ «ታውቃለች እንዳለሁ፤
እንዳልሰማ መስዬ ትንሽ አወራለሁ።»
ስለ እናቱ አወራኝ፣ ገንደ ቆሬ ስላለው ቤት፣
ጎርፍ በመጣ ጊዜ በር ነቅለው ስለወጡበት፤
ሦስተኛው ኩርባ ላይ ጣቱን ቀሰር፣ ዝም፤
«ይኸው። የፊት ቀኝ ኩሽኔታ ነው፤ ሌላ አይደለም።»

ማታ ሒሳቡ መጣ። ቁጥሩን ሳየው ጦፍኩ፤
«አሮጌው የታል? ሌቦች!» ብዬ ጠረጴዛ ደበደብኩ።
ዚያድ አፉን ከፈተ፤ መልሱን አልጠበቅኩም፤
ደረሰኙን ቀማሁ፣ ቁልፌን፤ አልተሰናበትኩም።

ከሦስት ወር በኋላ ዘይት ላስቀይር ብመለስ
ፊርዶሳ ብድግ አለች፤ ወንበር ሳበች።
«እንደምን አደሩ? እባክዎ ይቀመጡ።»
ቃላቱ ተተኩሰው፣ ታጥፈው፣ ተደርድረው ወጡ።
እዚህ አገር ለካ «አንቱ» የሚባል እንግዳ ነው፤
ወይም የተቀየሙት ሰው።
በቬንትሌተሩ ስር ያኔ ነው የገባኝ፤
በዚያ ሁሉ ሐሩር በረደኝ።

ጎማ ፈነዳብኝ አንድ ቀን፣ ከሐረር ስመለስ፤
ክሪክ ፍለጋ የኋላውን ከፍቼ፣ ምንጣፍ ገልጬ ስዳስስ
በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ፣ አሮጌው ኩሽኔታ፤
ላዩ ላይ በእስክሪብቶ፦ «ያንተ ነው። ዚያድ።» ያለ ሌላ ሐተታ።
በጣቴ አዞርኩት። ጓ፣ ጓ፣ ጓ አለኝ፤
ወረፋ ፊት ያሰማሁትን ድምፅ መልሶ ሰደበኝ።

በማግስቱ ይዤው ሄድኩ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤
ስለ ይቅርታ፣ ስለ ሒሳብ፣ ስለ እርጅና፣ ስለ ክብር።
አንዱም አልወጣ። ብረቱን ፊቷ አኖርኩ፤
«ይህን ሳላይ ነው» አልኩ፣ «የዚያን ቀን የፈረድኩ።»

ብረቱን አየች፤ እኔን አየች፤ ዝም።
ዚያድ ከመኪና ስር ጫማው ብቻ ይታያል፤ እሱም ምንም።
እስክሪብቶዋን መዘዘች፤ አንገቷን ሳታቀና፦
«አንተ!» አለች፤ «ጠረጴዛዬን ቅባት በቅባት አደረግከው፤ አንሣና
ወረፋህን ያዝ።»
ያዝኩ።
ስድስተኛ ነበርኩ፤ እንደ ተሿሚ ደረቴን ነፍቼ ቆምኩ።