የነፋሱ ድርሻ

የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ ሐሙስ ምሽት አንድ ሰዓት፣
ስምንት ሆነን ተሰበሰብን በደሴቷ ትምህርት ቤት፤
ጉልበታችን አገጫችን ደርሶ፣ በልጆች ወንበር ላይ፣
ሦስት ቀን ጀልባ ባልታየበት፣ በጠቆረ ሰማይ።

እኔ ገንዘብ ያዥ ነኝ። የነፋሱን ሒሳብ
የምጽፍ፣ የምደምር፣ ሳንቲም የምሰበስብ።
ኮረብታው ላይ የቆመው ባለ ሦስት ክንፍ ነጭ ግንድ
ዘንድሮ ለእኛ ያፈራው ዐሥራ ዘጠኝ ሺህ ፓውንድ።
ብዙ ነው አልልም። ግን ይኸው ነፋስ ቆርቆሮ ሲገነጥል
መቼ ካሳ ከፍሎ ያውቃል? መቼ ተሰማ ይቅርታ ሲል?

ማመልከቻ አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ማሞቂያው ያጉረመርማል፣
ሻዩ ቀዝቅዟል፣ ብስኩቱ ረጥቧል።
ኤፊ፣ የባሕር መብራቱ ጠባቂ የልጅ ልጅ፣
«ግላስጎው ብየዳ ልማር» ብላለች፤ ጽሑፏ ዘመም፣ የግራ እጅ።
ሺና ሦስት ልጅ አስተኝታ በሌሊት ነርስነት ታጠናለች፤
ለመጻሕፍት ብቻ ነው፣ «ለእንቅልፍ አልጠይቅም» ብላለች።
ላክላን የመርከብ ሞተር ጥገና። የአናጺው ልጅ ደግሞ
የሚሻውን ገና አላወቀም፤ «የሆነ ነገር» ብሏል ፈርሞ።

ያኔ ቶርኪል ተነሣ። ወንበሯ ተንቋቋች ከሥሩ።
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሸርጣን ያጠምዳል፤ ጨው መስሏል ፀጉሩ።
ግንዱ ሊተከል ሲል፣ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣
ኮረብታው ላይ የተኛ እሱ ነው፣ ከመኪናው ፊት ለፊት።
በዚያ ክረምት በወንድማማች መካከል ነፋስ ገባ፤
አባቴና እሱ ሳይታረቁ አባቴ አፈር ገባ።

«አስተምሩ» አለ፣ «ልጆቹን፤ ሸኟቸውም በእልልታ፤
የምትገዙት የመሄጃ ትኬት ነው፤ ለእኛ የሚተርፈን ዝምታ።
ክንፍ ያወጣ ጎጆ አይሞቀውም፤ የእኔን ሁለቱን ቁጠሩ፤
አንዱ ለንደን፣ አንዱ አውስትራሊያ፤ ለገና በካርድ የሚናገሩ።»

ማንም አልመለሰለትም። እውነቱን ነው።
ዝናቡ ብቻ በጠጠር ጣቱ መስኮቱን መታው።

አንድ ፖስታ ቀርቶኝ ነበር። ስም፦ ቶርኪል። የሚሹት ሥልጠና፦
«ማንበብ።» አንዲት ቃል። ድምፄ ተቆረጠ ገና።
ጽሑፉ የእሱ አልነበረም፤ ዘመም ያለ፣ የግራ እጅ፤
በምስጢር የጻፈችለት ያችው የጠባቂው የልጅ ልጅ።

ያኔ ትዝ አለኝ። አባቴ በመጨረሻው መኸር
ደብዳቤ ልኮለት ነበር፤ መልስ ሳያይ ወረደ መቃብር።
«ንቆኝ ነው» እንዳለ ሞተ። እኔም ንቆት ነው ብዬ
ዐሥር ዓመት ሰላምታ ነሣሁት፣ የአባቴን ቂም አዝዬ።

ድምፅ ይሰጥ አልኩ። ሰባት እጅ ተነሣ፤ የእሱ ብቻ አልነበረም፤
ኮፍያውን እየጨመቀ ቀና ብሎ ማንንም አላየም።
መቶ አርባ ፓውንድ። ማክሰኞ ማታ፣ ከሕፃናቱ ክፍል፣
ለመምህርት ኡና፤ ሁለት እርሳስና መነጽር ጨምሮ ይከፈል።

ኤፊ በነሐሴ ትሄዳለች። ትመለስ እንደሁ አላውቅም፤
የቶርኪልን ጥያቄ ገንዘብ ያዥ አይመልሰውም።

ትናንት ወደቡ ላይ አየሁት፣ ተንበርክኮ ከጀልባው አፍንጫ ሥር፣
አባቱ የቀባውን ስም በጣቱ ሲከተል፣ ሲቆጥር።
«ማር...» አለ፤ ቆመ፤ ምራቁን ዋጠ፤ «ሴይ...» ብሎ ጀመረ፤
አምሳ ዓመት የነዳትን በስሟ ጠራትና አፈረ።
«የእናቴ ስም ነው» አለኝ፣ «አውቀው ነበር፤ አይቼው ግን አላውቅም።»
ደብዳቤው የት እንደገባ ላነሣ ብዬ አላነሣሁም።

ይቆይ። ማክሰኞ ሩቅ አይደለም። ከምዕራብ ነፋስ መጣ፤
ኮፍያዬን ነጥቆ ወደ ባሕር፣ ይቅርታ ሳይል ወጣ።