በአበባው ላይ ማረስ

ሚያዝያ ነበረ፣ ሐይቁ ጨው ጨው ሲሸት፣
ባቄላዬ ደርሶ፣ ሲያሰኝ እሸት እሸት።
የጎረቤቴ ልጅ፣ ኤፊዝዮ ሾልኮ
በላ ኪሱን ሞልቶ፣ ከአጥሬ ሥር ተንበርክኮ።
አይቼዋለሁ በመስኮት። ቆዳውንም ሳይልጥ፤
ሳቅሁ እንጂ አልተቆጣሁ፣ ልጅ አይደል፣ ይገምጥ።

በማግስቱ ማታ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣
ከንፈሩ ገረጣ፣ ጉልበቱ በነነ፤
ሽንቱ የጠቆረ ሻይ፣ ፊቱ የሻማ ሰም፣
እናቱ አቅፋው ስትሮጥ፣ ጫማ እግሯ ላይ የለም።

ኦሪስታኖ ደረስን። ደም ሰቀሉለት።
ሐኪሟ አስረዳችን፣ በወረቀት ሥላ፦
«ለእናንተ ምግብ ነው፣ ለእሱ መርዝ ነው ባቄላ።
ከቀይ የደም ሕዋሱ፣ አንድ ኤንዛይም ጎድሏል፤
ዘበኛ የሌለው ቤት፣ በእሸት ይቃጠላል።»
«ከማን መጣ?» አለች፣ ግራዚየታ እናት፤
«ከአንቺ» አለች ሐኪሟ፣ በቀስታ፣ እንዳይከብዳት።
እጇን ገልብጣ አየች፣ የሰረቀች ይመስል።

እኔ ግን ሽማግሌ፣ ሌላም ነገር አውቃለሁ፤
ወባ ካብራስን ሲያጭድ፣ በልጅነት አይቻለሁ።
ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ፣ ቤት ለቤት ሲዞር ሞት፣
ሁለት ወንድሞቼን ቀበርን፣ በአንድ ሳምንት።
የግራዚየታ እናት አባት፣ ያኔ እኩያዬ ልጅ፣
ትኩሳቱ ነካው እንጂ፣ ድኖ ወጣ ደጅ።
ሰው «ስለት ነው» አለ፣ ቄሱም «የጸሎት ኃይል»፤
ሐኪሟን ብጠይቃት፣
«ወባ» አለች፣ «እንዲህ ያለ ደም አይመቻትም።»

ያው ጉድለት ነው በቃ፤ ያን ጊዜ ያተረፈ፣
ሂሳቡን በኤፊዝዮ፣ በባቄላ የጻፈ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ትራክተሬን አስነሣሁ።
ከንቲባው ደብዳቤ ሊጽፍ ነበር አሉ፤ አልጠበቅሁም።
ሃምሳ ዓመት የዘራሁትን፣ በአበባው ላይ አረስሁ፤
ነጩን፣ መሐሉ ጥቁር፣
ዓይን የሚመስለውን፣
እያየኝ አረስሁት።
ንቦቹ አልገባቸውም፤
እስኪመሽ በትልሙ ላይ ዞሩ።

ባቄላ ሲያልቅ የሚቀለውን፣ ተረቱን ያውቃል ሁሉ፤
እኔን የቀለለኝ ደረቴ ነው፤ ይሳቁ፣ ከሳቁ ካሉ።

ዘንድሮ ሐብሐብ ዘራሁ። ኤፊዝዮ መጣ፣
በዚያው በአጥሩ ቀዳዳ፣ አንገቱን አወጣ።
«ባኪዝዮ፣ ይህስ ይበላል?»
እጁ ከኋላው ተጣምሯል።
ቆርጬ ሰጠሁት።
ጉንጩ እስኪቀላ በላ፣ ፍሬውን እየተፋ።
እናቱ መስኮት ላይ ነበረች፤
አልከለከለችም።
አልሳቀችምም።