እጀታ

ሐይቁ ድንጋይ ሲሆን፣ ዱሉዝ ላይ፣ ወርኃ ጥር፣
አርቮ መጋዝ ይዞ ቆመ ከጋራዥ በር።
«ሁለቱን ጣቶቼን የበላው ይኸ ነው፤
ዕዳውን ይክፈለኝ፣ ቢላዋ አድርገው።»

ቆረጥኩት፣ አጋልኩት፣ ዘይት ውስጥ ነከርኩት፤
ለእጀታው ዋልነት ከማሽን አሰርኩት።
እጅ የሌለው ማሽን እጀታ ቀረጸ፤
ሲኤንሲው በቁጥር ላገ፣ አለሰለሰ።

አርቮ ጨበጠና ዐይቶ መለሰልኝ፤
«ባለ አምስት ጣት ይያዘው፤ ከእጄ አመለጠኝ።»

ሰም አቀለጥኩለት፤ ለብ ሲል አስጨበጥኩት፤
ጎርባጣውን ሁሉ በነጥብ ለካሁት።
ማሽኑ እንዳለ ቀዳው፣ ምንም ሳያስውብ፤
ከጠፋው ጣት ስፍራ እንጨቱ አለ ጉብ።

ትናንት ሚስቱ ሄልሚ ዳቦ ልትቆርስ ብላ፣
ጎርብጧት መለሰች ለባሏ ያን ቢላ።
እሱም ቆረሰላት።
በሦስት ጣት።