ባና የለበሰ ስም

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፤ ደብረ ብርሃን፤ የጥር ማለቂያ፣
የቧንቧው አፍ በረዶ ይዞ ውሃው አጥቶ መውጪያ።
ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ፣ ከሽመናው አዳራሽ ማዶ፣
እኔና አንድ ሰርቨር አለን፤ ለእሱ ሞቆ፣ ለእኔ በርዶ።

ቀን ላይ ወደርየለሽ መጣች፣ ከሱፍ ማበጠሪያው ክፍል፣
ሻሿ ላይ ብናኝ ሰፍሮ፣ የደሞዝ ወረቀት ይዛ፤
“ሃያ ስድስት ሌሊት ሠራሁ፤ ይሄ ሃያ አምስት ይላል፤
አንዷን ማን በላት?” አለችኝ፣ ሳትቆጣ፣ በእንቅልፍ ፈዝዛ።
ለካ የሁሉም ጎድሏል፤
እሷ ብቻ ናት የቆጠረች፣
በልብስ ሳጥኗ በር ላይ በጠመኔ እያሰመረች።

ጥፋቱ የኔ ነው። መዝገቡን ከአሮጌው ማሽን አንስቼ
ኮንቴይነር ውስጥ አስገባሁት፣ አንድ ወር ሆነኝ፣ ረክቼ።
አሁን በቴርሚናል ገብቼ “ስንት ሰዓት ነው?” ብለው፣
“ምሽት አራት” አለኝ፤ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው ያለው።
(በፈረንጅ ነው የሚቆጥር፤ ስድስቷን እኔ ነኝ ያስተካከልኩ።)
የወደርየለሽ የጥር አንድ ሌሊት
ታኅሣሥ ሠላሳ ላይ አድራ፣
ታኅሣሥም ተዘግቶ፣ ተከፍሎበት፣
ቀርታለች መሃል ተሰንቅራ።

“አዲስ አበባ ነህ በል” ብዬ በትእዛዝ መስመር ነገርኩት።
(ደብረ ብርሃን የሚል የለም፤ በሰዓቶች ዝርዝር ፈለግኩት፤
ለሰዓት ሲሆን ሁላችን አዲስ አበቤዎች ነን።)
ሰርቨሩ ሰማ። ሳጥኑ ዝም።
ጣርማበር ዋሻ ሲገባ መኪና
ሬዲዮው እንደሚቆረጥ፣ ወሬው ሳያልቅ ገና፣
እንዲያ ነው ኮንቴይነር፤ በውጭ ያወጅከው
አይደርሰውም ውስጥ፣ በእጅህ ይዘህ ካላስገባኸው።

ስለዚህ በፋይል ጻፍኩለት፤ አንድ መስመር፣ ስምና ዋጋ፣
በመሃላቸው የእኩል ምልክት። አስነሳሁት። እኔ ስሰጋ
እሱ ያው፦ “ምሽት አራት ከሩብ።”
ሞኝና ወረቀት ብቻ ይመስለኝ ነበር
የያዘውን የማይለቅ።
ማስነሳት ለካ መቀስቀስ ነው፤ ተኝቶ የነበረ
በትናንት ልብሱ ይነሳል፤ አዲስ ፋይል መች መረመረ?
ማፍረስ ነው እንጂ።
መዝገቡ ውጭ ዲስክ ላይ መሆኑን ሦስቴ አይቼ፣ እጄ እየራደ፣
አፈረስኩት። ከምስሉ እንደገና አቆምኩት፤ እንደ አዲስ ተወለደ።
“ስንት ሰዓት?”
“ምሽት አራት ከአርባ።”

ሰደብኩት። ስድብ የሚገባበት ጆሮ የለውም።
“በሆድህ ያለውን አውጣ” አልኩት፤ ዘረገፈው ዝርዝሩን፤
አለ! አዲስ አበባ አለ! ታዲያ ምን ነካው ሰዓቱን?

በሩ ተንኳኳ፤ አንድ ባና ገባ፣
ከአናት እስከ ጉልበት ተጠቅልሎ፣
“ማነው?” አልኩ ደንግጬ።
ከአፍንጫው በታች ዝቅ አድርጎ፦
“ተክለወልድ ነኛ፣ ዘበኛው! በየሌሊቱ እያየኸኝ?”
“ተሸፋፍነህ ማን ይለይህ” ብዬው
ወደ ስክሪኑ ስዞር፣ ያኔ ታየኝ፦
በአዲስ አበባ ግራና ቀኝ
ሁለት ትእምርተ ጥቅስ፣ በአክብሮት የደረብኩለት፣
ሳጥኑ ግን የስሙ አካል አድርጎ የቆጠረበት።
ባና የለበሰ ከተማ አያውቅም፤
አላውቅም ማለትንም አያውቅም፤
ዝም ብሎ ግሪንዊች ሄዶ ይቀመጣል።

ጥቅሶቹን ደለዝኩ፤ አራት ጭረት። አፈረስኩ፤ አቆምኩ፤ ጠየቅሁ።
“ከሌሊቱ ስምንት።”
ጋሽ ተክለወልድ “ምን ነበር?” አለ። “አራት ጭረት” አልኩት።
“ለአራት ጭረት ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጥ?” ብሎ
ሳቀና ወደ በሩ ተመለሰ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ፈረቃ ሲለወጥ፣
ወደርየለሽን ከልብስ ሳጥኗ ፊት አገኘኋት።
“ሌሊትሽ ተገኝታለች፤ ለሁሉም ይከፈላል” አልኳት።
“እሺ” አለች።
ዞረችና ከአሮጌዎቹ መስመሮች ጎን
የዛሬዋን አሰመረች፤
ጠመኔውን ኪሷ ከተተች።